የጋሽ እርሳስ ኪስ

ሚስቱ ስትሞት አርክቴክቱ ከእሷ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ኮሪደር ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የመኝታ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሱ ካለበት የሚታየው የአልጋው ግርጌና በብርድ ልብሱ ስር ከፍ ያሉት ሁለት እግሮቿ ብቻ ናቸው። ጉልበቱ ላይ ላፕቶፑ አለ። «ሻይ ላምጣልሽ እንዴ?» አላት። መልስ የለም። ተኝታለች ብሎ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በየቀኑ የምትመጣው ነርስ መጣች፤ እግሩን ተሻግራ ገባችና ወዲያው ተመልሳ ወጣች። ላፕቶፑን ከጉልበቱ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ገባው።

በየትኛዋ ደቂቃ እንደሄደች እስከ ዛሬ አያውቅም። ስለ ሻይ ሲጠይቃት ነበረች? ወይስ የጠየቀው ባዶ ክፍል ነው?

ሰው ሚስቱ እያጣጣረች ኮሪደር ላይ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ አርክቴክቱ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ክፍሉ ወንበር አያስገባም። አልጋው በአንድ ጎኑ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። በሌላው ጎኑ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት መተላለፊያ አለች፤ በሩም የሚከፈተው ወደ እሷው ነው። ወንበር ከገባ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ከተከፈተ ወንበር የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ነርሷ ከበርጩማው ጋር ሲታገል አይታው፣ «ወይ እርስዎ ወይ በሩ፤ አንዳችሁ ልቀቁልኝ» ብላዋለች። አልጋውን ሊያዞሩት ሞከሩ፤ ቁም ሳጥኑ አልከፈት አለ። ሳሎን እናውጣሽ ሲሏት ደግሞ ሚስትየው አሻፈረኝ አለች። «ሳሎን መሀል ተጋድሜ የመጣ የሄደው ሊያየኝ? እዚሁ ተዉኝ!»

እንዲህ ያለውን ቤት ማን ሠራው ቢባል ራሱ ነው። ቃል በቃል ካልን ግን የሠራው እሱ የፈጠረው ማሽን ነው።

ነገሩ የተጀመረው የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነው። የተቀጠረበት ቢሮ ስድስት የሥዕል ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጋሽ እርሳስ ነበረው። ጋሽ እርሳስ ነዳፊ ናቸው፤ አርክቴክቶቹ ሞነጫጭረው የሚያመጡላቸውን ሐሳብ በስስ ወረቀት ላይ በቀለም አስተካክለው ያሰፍራሉ። ትንንሽ መኖሪያ ቤቶችን ግን ማንም ሳይነግራቸው ከሀ እስከ ፐ ራሳቸው ይጨርሳሉ። እርሳስ ከጆሯቸው ላይ ተለይቶ አያውቅም። ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ሄደው አስተካካዩ እርሳሱን አብሮ ሊከረክመው ነበር እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ በቀልዱ ከሁሉ አብልጠው የሚስቁትም እሳቸው ናቸው።

ጎረምሳው በበኩሉ አንድ ነገር ይዞት ነበር፤ ቤት የሚነድፍ ፕሮግራም መጻፍ። «የመሬቱን ስፋት፣ የሚኖርበትን ሰው ብዛት፣ የፀሐዩን አቅጣጫ ትነግረዋለህ፤ እሱ በአንድ ቀን ሺህ ፕላን ይደረድርልሃል። ለእያንዳንዱም ማርክ ይሰጠዋል» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያደነቁራል። ባልደረቦቹ፣ «እኛስ ሥራ ፈት ሆነን ከሺው ቤት የትኛው ውስጥ ልንተኛ ነው?» ብለው ተሳለቁበት። ጋሽ እርሳስ አልሳቁም። ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ይሄ ዕቃህ ምን ምን ይፈልጋል?»

«ምሳሌ ነው የሚፈልገው፣ ጋሼ። ብዙ ጥሩ ጥሩ ቤት ማየት አለበት። ልክ እንደ ሕፃን ልጅ።»

«የኔን አሳየዋ!»

በማግስቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፕላን በጥቅል በጥቅል ተሸክመው መጡ። የሠላሳ ዓመት ሥራቸው ነው። ሌላ ነዳፊ ቢሆን አንዱን እንኳ ፎቶ ኮፒ አያስነሳም።

በነዚያ ፕላኖች ውስጥ አንዲት እንግዳ ነገር ነበረች። በየመኝታ ቤቱ፣ ከአልጋው ራስጌ ጎን፣ ግድግዳው ስድሳ ሳንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ገባ ይላል። በር አይደለም፣ መስኮት አይደለም፣ ቁም ሳጥንም አይደለም። ባዶ ቦታ ናት። ቢሮ ውስጥ «የጋሽ እርሳስ ኪስ» ይሏታል። ማሽኑ ይህችን ኪስ ባየ ጊዜ ግራ ተጋባ። የምን እንደሆነች የሚነግረው ስላልነበር በየቦታው ይረጫት ጀመር፤ ማድ ቤት ኪስ፣ ደረጃ ስር ኪስ፤ አንድ ቀን እንዲያውም አንድ ሽንት ቤት ውስጥ አራት ኪስ አበጀ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። የጎረምሳው ፊት ግን ከሰል መሰለ።

«ጋሼ፣ ይህች ነገር ምንድን ናት?»

«ኪስ ናታ።»

«ቀልዱን ይተዉኝ። ምን ይቀመጥባታል?»

ጋሽ እርሳስ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጭንቅላታቸውን አከኩበት። «እንጃ። ምንም። ለሰው ትሁን ብዬ ነው የምተዋት።»

«ሰውማ አልጋ አለው፣ ቁም ሳጥን አለው፣ መተላለፊያ አለው። ማሽኑ ‹ለሰው ትሁን› የሚባል ነገር አያውቅም። ቁጥር ይስጡኝ። ሥራዋ ምንድን ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ?»

«አንዳንዴ ዓመት ሙሉ ሥራ ላይኖራት ይችላል።»

«አዩ!» አለ ጎረምሳው፣ ክርክር እንደረታ ጠበቃ። «በቃ ትፋቅ።»

ስስ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቀለም በላጲስ አይጠፋም። በምላጭ ነው የሚፋቀው፤ እጅ ትንሽ ከከበደ ወረቀቱ ይቀደዳል። ስለዚህ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥራ አልነበረም። ጋሽ እርሳስ ራሳቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለው የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ኪስ በምላጭ ፋቁ፤ ግድግዳውንም ቀጥ አድርገው መልሰው አሰመሩ። አንድም ወረቀት አልተቀደደም። ክርር፣ ክርር የሚለው ድምፅ ሥራ ስላስፈታው ጎረምሳው ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ነበር የሚውለው።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ እንደ ጉድ ሆነ። የፕላኖቹ ማርክ ከሃምሳ ተነስቶ ሰማንያ፣ ዘጠና ገባ። መጀመሪያ የተማሪዎች ማደሪያ ሠሩበት፣ ቀጥሎ የመንደር ቤቶች፣ ቀጥሎ ሰፈር ሙሉ። ጎረምሳው የራሱን ቢሮ ከፈተ፤ በሙያው መጽሔቶች ላይ ፎቶው ወጣ፤ ንግግር አድርግልን የሚለው በዛ። በየንግግሩ የሚደግማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው። «በኔ ቤቶች ውስጥ ሥራ ፈት ሳንቲሜትር የለም!» ይላል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ጋሽ እርሳስ ጡረታ ወጡ። የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ ተጨበጨበላቸው፤ ከዚያ ማንም አልጠየቃቸውም። አርክቴክቱም ልጠይቃቸው፣ ልጠይቃቸው እያለ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ።

በስተኋላ ደግሞ ለራሱ ቤት አሠራ። ማሽኑ ከአርባ ሺህ ፕላን መርጦ ያወጣለት ነው። ሚስቱ አስተማሪ ነበረች፤ ነገር አታልፍም። ቁልፍ በተቀበሉ ቀን ቤቱን በሁለት ደቂቃ ዞራ ጨረሰችና ሳሎኑ መሀል ቆመች።

«ቆንጆ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ማንኛችን እንውጣ?»

«ማርኩ እኮ ዘጠና ስድስት ነው!»

«የኔ ተማሪዎች ዘጠና ስድስት አምጥተው እንኳ እንዲህ አይንጠባረሩም።»

ተሳሳቁ። አሥር ዓመት በሰላም ኖሩበት። ከዚያ ታመመች፤ በርጩማውም ኮሪደር ገባ። ከውስጥ ሆና ትጠራዋለች። «ማሽንህ ዛሬ ስንት አገኘ?» «ዘጠና ሦስት።» «ሰነፍ! ወላጅ ይዞ ይምጣ በለው።» እንዲህ እየተባባሉ አራት ወር ሆነ።

በሞተች በሰባተኛው ወር ጋሽ እርሳስ ወድቀው ዳሌያቸው መሰበሩን ሰማ። የራሱ ሐዘን ይሁን ኀፍረት፣ ብቻ አንድ ነገር ገፋፍቶት ሊጠይቃቸው ሄደ። ቤታቸው የራሳቸው ንድፍ ነው፤ ዝቅ ያለች፣ የቀለሟ ነገር የተረሳ ቤት። ምራታቸው በር ከፍታ ወደ መኝታ ክፍሉ አስገባችው። ራስጌያቸው አጠገብ የእንጨት ወንበር ነበር፤ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እርሳሱ አሁንም ጆሯቸው ላይ አለ።

«ተኝተውም?» አለ፣ እያየው።

«ዶክተሩ አውልቅ አላለኝም።»

ስለ ባለቤቱ አጽናኑት። ስለ ድሮው ቢሮ አወሩ፤ ማን ሞተ፣ ማን አለ ተባባሉ። ምራትየዋ ሻይ ይዛ ገባች፤ ትራሱን አስተካከለች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ በሩን ዘግታ ወጣች። ጥቂት ቆይታ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች፤ በአልጋው ዙሪያ ዞራ አስዋጠቻቸውና ወጣች። አርክቴክቱ ስኒውን ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ማንም ተነሳልኝ አላለውም። ጉልበቱ አልጋውን አልነካም። ጀርባው ወደ ኋላ ገባ ባለ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ዞር ብሎ ግድግዳውን በመዳፉ ለካው። ስድሳ።

«ጋሼ…» አለ። «ኪሷ ናት?»

«አዎና።»

«ለዚህ ናት?»

«የአስታማሚ ናታ! ሌላ የምን ልትሆን ኖሯል?»

«ያኔ ስጠይቅዎ ለምን እንዲህ አላሉኝም? አንዲት ቃል እኮ ናት!»

ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ያኔማ ለራሴም ቃሉ አልመጣልኝም። ማስታመም ደርሶብኝ አያውቅም። ያስተማረኝ ሰው ይተዋት ነበር፤ እኔም ተውኳት፤ እጄ ለምዷታል። ኋላ ባለቤቴ ስትታመም ወንበሬን ይዤ ገባሁ፤ ልክ ሆነች። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ እጇን ይዤ፣ ያ ልጅ ይህችን ነው የጠየቀኝ አልኩ።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። እንደውም ደውዬልህ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። ንግግር ላይ ነው አሉኝ።»

አርክቴክቱ በሆዱ ቆጠረ። የራሱን ቤት ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ኮሪደሩን ሲረግም ከርሟል፤ የሚረግመው ግን የራሱን እጅ ኖሯል። አቀርቅሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ጋሽ እርሳስ የዘነጉትን ነገር እንደማስታወስ ብለው፣ «ምን ታለቅሳለህ? መልሳታ!» አሉት። «ማሽኑ ያንተ አይደል?»

ከዚያ ቤት የወጣው ይህን ብቻ ይዞ ነው። ይመልሳታል። ለሚስቱ ባይደርስም ለሌላ ሰው ይደርሳል። ጊዜው ደግሞ አጭር ነበር፤ ቢሮው በፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ የሚሆኑ ስድስት መቶ መኖሪያ ቤቶች ነድፎ ጨርሷል፤ ፕላኖቹ ታትመው የሚጠብቁት የእሱን ፊርማ ነው። ቢሮውን ለሴት ልጁ ካስረከበ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የሙያ ፈቃዱ ግን አሁንም በእሱ ስም ነው። ማስረከቢያው በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር።

ልጁ እንደ እናቷ ነገር አታልፍም፤ እንደ አባቷ ደግሞ ቁጥር ትወዳለች። በማግስቱ ጠዋት ገና በር ላይ ሳለ ፊቱን አይታ፣ «ምነው አባዬ? ብዕር ጠፋህ?» አለችው። ነገራት። ስለ ኪሷ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ወንበሩ፣ ሁሉንም። ወንበሯን ወደ እሱ አዙራ ሰማችው።

«እሺ፣ የድሮዎቹ ፕላኖች የት አሉ?»

«እኛ ጋ ያሉት ከተፋቁ በኋላ ኮፒ የተነሱት ናቸው።»

«እነሱንም ማሽኑ ካያቸው ቆይቷል። አሁን የሚማረው ራሱ ካወጣቸው ቤቶች ነው። እንደዚያ እንዲሆን ያደረግከው አንተ ነህ። ስለዚህ ኪስ የሚባል ነገር አንድም ቦታ አላየም። አያውቀውም።»

«በትእዛዝ ይሁና። ከራስጌ ጎን ስድሳ ሳንቲሜትር ተው በይው።»

አለችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። የመጀመሪያው ፕላን ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ በአፏ ላይ ደረቀ። ማሽኑ ስድሳዋን ሰጥቷል። የሰጣት ግን ከአልጋው ቆርጦ ነው። በስድስት መቶው ቤት ውስጥ ያለውን የባልና ሚስት አልጋ ሁሉ የአንድ ሰው አድርጎታል።

«አልጋውን አትንካ በይው» አለ አባት።

አልጋውን አትንካ አለችው። ማሽኑ ወደ ማድ ቤቱ ሄዶ መስኮቱን ዘጋ። መስኮቱንም አትንካ አለችው። በመጨረሻ ሁሉን ነገር ከለከሉትና ጠበቁት፤ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መልሱን ሰጠ። አልጋው ደህና፣ መስኮቱ ደህና፣ ኪሷ በየክፍሉ ራስጌ ቁጭ ብላለች። አርክቴክቱ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ይኸው! ሆነ!»

«ቁጥሩን እየው፣ አባዬ።»

አየው። የቤቶቹ ቁጥር አምስት መቶ ሃምሳ አንድ ይላል።

«መሬቱ እኮ አይለጠጥም» አለች ልጅቷ። «አርባ ዘጠኝ ቤት ወድቋል። ቤቱ የሚደርሳቸው የስድስት መቶ ቤተሰብ ስም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሰዎቹ በየቀኑ እየመጡ በጣታቸው ስማቸውን ይነካሉ። አርባ ዘጠኙን አንተ ሰርዝልኝ። ዝርዝሩን ላምጣልህ?»

«ቤቱ ትንሽ ቆይቶ ይደርሳቸዋል።»

«ሲጠብቁ ይህ አሥረኛ ዓመታቸው ነው።»

«ታዲያ ሰው ቢታመም፣ አስታማሚው በር ላይ ይቁም ነው የምትይኝ? እንደ እናትሽ ብቻውን ይሙት?»

ይህን ማለት አልነበረበትም። የልጅቷ ደም ፈላ፤ ከወንበሯ ተነሳች።

«እማዬ ብቻዋን የሞተችው በስድሳ ሳንቲሜትር ነው?»

«በምን ሆኖ ነው ታዲያ?»

«አልጋው ላይ መቀመጥ ትችል ነበር እኮ!»

«አልጋው ሲነቃነቅ ያማታል ብላ ነርሷ…»

«እሱ በመጀመሪያው ወር ነው! ከዚያ መድኃኒቱ ተቀየረ። እኔ ባለሁበት ነግራሃለች። ‹አሁን አጠገቧ ቢቀመጡ ምንም አይደል› ብላሃለች። አንተ ደግሞ ‹እሺ› ብለህ በርጩማህን አመቻቸህ።»

ከታች የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። አታሚው ማሽን ሳያቋርጥ ወረቀት ይተፋል። አርክቴክቱ ጉዳዩን ረስቶት አይደለም። ነርሷ የቆመችበትን ቦታ፣ የያዘችውን ፎጣ ሳይቀር ያስታውሳል። ሰባት ወር ሙሉ ያን ቀን እየዘለለ ነበር ኮሪደሩን የሚያስበው።

«እሺ ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ኮሪደሩ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ሆኜ እግሯን ነበር የማየው። እግሯ ደግሞ አልከሳም። ፊቷን ካላየሁ የተሻላት ይመስለኝ ነበር።»

ልጅቷ ተመልሳ ቁጭ አለች። ማልቀሷን የሚያውቅባት በአፍንጫዋ መቅላት ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት።

«እኔስ ምን አደረግኩ?» አለች። «በሳምንት አንዴ መጥቼ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ በር ላይ ቆሜ ‹እማዬ ደህና ነሽ?› ብዬ እመለስ ነበር። ቦታ የለም እል ነበር እኮ እኔም።»

«ቦታማ አልነበረም።»

«አልነበረም። ግን ቢኖርስ?»

ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ማንም ምሳ አላነሳም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች፤ በሕንፃዎቹ ምድር ወለል ላይ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ «ምድር ወለል ላይ አርባ ስድስት ቤት አለ» አለችው። «የመብራት ቆጣሪውን ሳጥን ከግድግዳው አውጥቼ ደጅ ባደርገው ኪሷ እነሱ ውስጥ ትገባለች። ቤት አይወድቅም። ፎቅ ላይ ግን ቆጣሪ የለም። ከዚህ በላይ ከየትም አላመጣም፣ አባዬ። እማዬን ብዬ እምልልሃለሁ።»

«አርባ ስድስት።»

«አርባ ስድስት።»

«እሺ።»

«ስም ስጣት። ፕላን ላይ ስም የሌለው ባዶ ቦታ ግንበኛ ካገኘ ይደፍነዋል።»

«አስታማሚ በያት።»

አርባ ስድስቱን አሳትማ አመጣችለት። እነዚህን ፈረማቸው፤ እያንዳንዱን ገልጦ፣ ኪሷን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ወንበር ገብቶ በሩ መከፈቱን በዓይኑ እየለካ። ለጋሽ እርሳስ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ያሰላስል ነበር። መልሻታለሁ ይበል? ከአሥራ ሦስት ቤት በአንዱ ይበል?

ከዚያ የቀሩት አምስት መቶ ሃምሳ አራቱ መጡ። ማሽኑ ሁለት አንድ ዓይነት ቤት አያወጣም፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ፕላን ነው፤ ይህ ድሮ የአርክቴክቱ ኩራት ነበር። ስለዚህ አምስት መቶ ሃምሳ አራት ጊዜ መፈረም አለበት። እስከ አሥር ሰዓት የቀረው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ወረቀቱን እያነሳች ታቀርባለች፣ የተፈረመውን ትቀበላለች።

አርክቴክቱ በልቡ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ቢያንስ አያቸዋለሁ፤ በሩንና አልጋውን ሳላይ አንዱንም አልፈርምም። የመጀመሪያውን አየ፤ አልጋው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፣ በሩ ወደ መተላለፊያዋ ይከፈታል። ሁለተኛውን አየ። ሃያኛውን፣ አርባኛውን አየ። በየክፍሉ አንድ ሰው ተኝቶ፣ ሌላው ውጭ ቆሞ ታየው። ልጅቷ ሰዓቷን ተመለከተች። ሰባኛው ላይ የሚያየው አልጋውን ብቻ ነበር። መቶኛው ላይ አልጋው ከመስመሮቹ ጋር ተቀላቀለበት። ከመቶ ሃያ በኋላ ማየቱን ተወ፤ ዓይኑን ፊርማው በሚያርፍባት በታችኛዋ ጥግ ላይ ብቻ አሳረፈ፤ እጁም ፈጠነ።